በሰመጡት ግራሮች መሀል

እናንተ ልጆች ሞተር ማስነሳት ስለቻላችሁ ጀልባ የምትነዱ ይመስላችኋል። እስቲ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ጥቅምት ነበር። ደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ከአረርቲ ወደ ቆላው ስትወርዱ ግን ሸሚዝም ይከብዳል። እዚያ ታች፣ ግድቡ ያቆረው ውሃ ላይ፣ ለእንግዳ ጉማሬና አዞ ላሳይበት ብዬ የብረት ጀልባ አስበየድኩ። ባለቤቴ «ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ጀልባ ያሠራ አንተና ኖኅ ብቻ ናችሁ፤ እሱስ ዝናቡ ተነግሮት ነው» አለችኝ።

እንግዳ ከመጫኔ በፊት ለሙከራ ሦስት ሆነን ወጣን። ሞተሩን የያዘው ሁሴን ነው፣ የአሊዩ አምባ ልጅ፤ ፍርሃቱን በቀልድ የሚሸፍን። ሌላው ጌታሁን፣ ከወለጋ ተፈናቅሎ መጠለያ የሚኖር ገበሬ፣ እህል እየገዛ የሚያመጣልኝ። ወንዝ ዳር ማደጉን ስለማውቅ «ና፣ ጉማሬ እንይ» ብዬ ወሰድኩት። እኔ በጎረምሳነቴ በአንኮበር ቁልቁለት ከርከሮ ሳድን የኖርኩ ነኝ። አደን ማለት ለእኔ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ድምፅ ማጥፋት ነው።

ዳርቻው ጭቃ ላይ ባለ አራት ጣት ሰፊ የጉማሬ ኮቴ አገኘን። ውስጡ የቋጠረው ውሃ ገና አልጠራም። ጌታሁን ጎንበስ አለና «ግልገል ይዛለች» አለ።

ነፋስ የለም፤ ውሃው እንደ መስታወት ነው። ሻላ የሚባሉትን ትልልቅ የውሃ ወፎች አየን። አሸዋው ላይ አፉን ከፍቶ የተጋደመ አዞም አየን። ሁሴን «ጋሼ፣ ይሄስ የአረርቲ ደላላ ነው፤ አፉን ከፍቶ ሰው ይጠብቃል» አለ። እየሳቅን ግድቡ ሲሞላ የሰመጡት ግራሮች ጋ ደረስን። ደረቅ ጫፋቸው ብቻ ከውሃው ወጥቷል፤ እጁን ዘርግቶ የቀረ ሰው ይመስላሉ። ሳቃችን እዚያ አለቀ።

ሞተሩን አስጠፋሁ። ጌታሁን መቅዘፊያውን አንስቶ የጀልባውን ጎን ይመታ ጀመር። ኳ፣ ኳ። ትንሽ ያርፍና፣ ኳ፣ ኳ።

«አንተ ሰው፣ ሠርግ ነው እንዴ የጠራንህ? ይሸሹብናል!»

«ይሽሹ።»

«ልናይ እኮ ነው የመጣነው!»

መምታቱን ቀጠለ። መቅዘፊያውን ቀማሁት። ኳኳታው ቆመ፤ ሁሉም ነገር ዝም አለ።

ያኔ ከጎናችን አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ጀልባው፣ አንድ ሰው ከሥሩ ትከሻውን እንዳስገባ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ። ሁሴን «ያ አላህ!» እያለ የሞተሩን ገመድ ይጎትታል፤ አልነሳ አለ። ጌታሁን በጉልበቱ ተንበርክኮ ብረቱን በባዶ ቡጢው ይደበድባል። ያን ፊት አልረሳውም፤ በሩ ተዘግቶ ሰው ውስጥ የቀረበት ይመስል ነበር።

ጀልባው ተመልሶ ተቀመጠ። እናቲቱ ጉማሬ ክንዴን ብዘረጋ በምነካት ቦታ ብቅ አለች። ትንፋሿ ፊቴን አረጠበው፤ የበሰበሰ ሣር ይሸታል። አፏን ከፈተች፣ ጥርሷን አሳየችኝ። ከኋላዋ ግልገሏ ብቅ ሲል ግን ፊቷን አዞረችና አስከትላው ወደ ጥልቁ ገባች። ሞተሩም ያኔ ተነሳ።

ዳር ስንደርስ የጌታሁን እጅ ይደማል። ሁሴን ውሃ እያፈሰሰለት «ጋሽ ጌታሁን፣ ማን አስተማረህ?» አለው።

«እኛ አገር ታንኳውን ሳያንኳኳ ወንዝ የሚሻገር የለም፤ ከታች ያለችው ጉማሬ እንድታውቅ ነው። ስንሸሽ ግን የሚያሳድዱን እንዳይሰሙን ብዬ፣ ‹ዝም ብላችሁ ተሻገሩ› ያልኩ እኔው ነኝ። እቴነሽ ከታንኳው ጫፍ ነበረች።»

እቴነሽ ሚስቱ ናት። ጉማሬዋ ታንኳውን ስትገለብጠው ውሃው ይዟት ቀረ።

ስለዚህ ልጆች፣ የየብስ አደን የሚያስተምራችሁን ዝምታ እዚያው ዳር ትታችሁ ተሳፈሩ። ፎቶ አንሺ እንግዳ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም። ሳይረጥብ ቤቱ ገብቶ ይሰድበኛል።

ጌታሁን ዛሬም አብሮኝ ይወርዳል፤ ጀልባ ላይ ግን አይወጣም። ዳር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ግራሮቹ ጋ ስደርስ ሞተሩን አጥፍቼ አንኳኳለሁ፤ እሱ ድንጋይ በድንጋይ እየመታ ከዳር ይመልስልኛል። አንዳንድ ቀን ግን ምላሹ ከዳር ሳይሆን ከጀልባው ሥር የመጣ ይመስለኛል። ቀና ስል ጌታሁን ድንጋዩን ጥሎ፣ ቆሞ፣ ውሃውን ያያል። ያኔ ሞተሩን አስነሳለሁ።