ድንኳን የሚተከልበት ግቢ

ባለቤቴና እኔ ቦንጋ ውስጥ ተከራይተን የምንኖረው ቸግሮን አይደለም። ሁለታችንም መምህራን ነን፤ ባልደረቦቻችን በማኅበር ተደራጅተው የቤት መሥሪያ ቦታ ሲወስዱ እኛንም ጠርተውን ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አባቴ እኔ ባደግኩባት ደካ ቤት ሠርቶ ዕድሜውን የጨረሰው ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ድንበር ሲካሰስ ነው። በረንዳው ላይ አረፍ ብሎ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም፤ ኮቱን ደርቦ ወደ ፍርድ ቤት ሲወጣ ግን አሁንም ይታየኛል።

ይህን ለሰው ማስረዳት አቅቶኛል። «ዕድሜ ልክ በሰው ቤት?» ይሉኛል። ልጆቼ የተወለዱት እዚያው የኪራይ ግቢ ውስጥ ነው። እንዲያም ሆኖ እድር እንግባ ስንል ሊቀመንበሩ «ተከራይ ነገ ይሄዳል» ብለው ሳቁብን።

አባቴ ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት አረፈ። ደካ ቀብረን ስንመለስ ባልደረቦቻችንና የሰፈሩ ሰው ሊያስተዛዝኑን እንደሚመጡ ሰማን። ቤታችን ጠባብ ስለሆነች ድንኳን ከትምህርት ቤት ተዋስን። ግቢው ግን ከዳር እስከ ዳር የቡና ማድረቂያ አልጋ ተዘርግቶበታል። ቡናው የአከራያችን ልጅ ነው፤ ሺሺንዳ ከተማ ሆኖ ቡና ይነግዳል።

«እትዬ፣ እንግዳው እስኪሸኝ ትንሽ ገለል ይደረግልን» አልኳቸው አከራያችንን።

ባል የሞተባቸው ደግ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኔማ ምን ከፋኝ ልጄ፤ ቡናው የእሱ ሆነብኝ እንጂ» አሉና ደውለው ስልኩን ሰጡኝ።

«እግዜር ያጽናሽ» አለኝ ልጃቸው። «ቡናው ግን ከተከመረ ይሻግታል። ሌላ ቦታ ብትፈልጉስ?»

«የት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የራሳችሁ ቤት ቢኖራችሁ ኖሮ . . .» አልጨረሰውም።

ድንኳኑን ከአጥሩ ውጭ መንገድ ዳር ተከልነው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ለቀስተኛው እግሩን ይሰበስባል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለና ጭቃው በሴቶቹ ነጠላ ላይ ይረጭ ጀመር። ለአባቴ ማልቀሱ ቀርቶ በንዴት ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። የእድሩ ሊቀመንበር መጡና አጠገቤ ተቀምጠው «ተከራይ ያልናችሁ እኮ ለዚህ ነበር» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬን እንኳ ይተዉኝ!» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ባለቤቴም ከዚያ በኋላ «በቃ፣ የቤት ማኅበር እንመዝገብ» ማለት ጀመረ። እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ለአርባው ደካ ሄድን። የዝክሩ እህል ከመቅረቡ በፊት ወንድሞቼ የቤቱን ነገር አነሱ። ታላቁ «አባቴን የጦርኩት እኔ ነኝ፣ ቤቱ ለእኔ ይገባል» ይላል፤ ታናሹ «ተሸጦ እንካፈል» ይላል። እናቴ መሃላቸው እጇን አፏ ላይ ጭና ተቀምጣለች፤ የት እንደምትኖር የጠየቃት የለም። ያ ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያዳምጣል።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«ድርሻዬ ለእናቴ ነው» ብዬ ወጣሁ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ለባለቤቴ «አልመዘገብም» አልኩት። ደክሞት ነበርና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ውሳኔዬ አይቆጨኝም። ቤት የሌለው ሰው ሐዘንም የሌለው ይመስል መንገድ ላይ መቀመጣችን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ከደካ በተመለስን ማግስት አከራያችን ትኩስ ቆጮ ይዘው በሬን አንኳኩ። ተቀብዬ አመሰገንኳቸው፤ ይግቡ ግን አላልኳቸውም።