አባቴን የሸፈነው ባንዲራ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ከላዬ ያለችው ጎረቤቴ በረንዳዋ ላይ አንሶላ ስታራግፍ ጨርቁ ጧ ይላል። ያ ድምፅ አባቴ ወደተቀበረበት ቀን ይወስደኛል።

አባቴ ወታደር ነበር፤ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ። ሁለት ጓዶቹ ባንዲራውን ከሬሳ ሳጥኑ ላይ አንስተው ጫፍና ጫፉን ይዘው ጧ አድርገው ወጠሩት። መሬት ሳያስነኩ አጥፈው በሁለት እጃቸው ለእናቴ ሰጧት። እኔ አስተጣጠፉን አንዴ አይቼ ያዝኩት። ያለ አስተማሪ ማንበብ የተማርኩ፣ ሬዲዮ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ያኔም እንዲሁ ነበር።

እናቴ ግን ቤት እንደገባን ባንዲራውን ዘርግታ የአባቴን አልጋ አለበሰችው። ሳምንት ሙሉ እንደዚያው ቆየ። አንድ ቀን ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ አንዱን ጫፍ በጥርሴ ይዤ ልክ እንደ ወታደሮቹ አጠፍኩት።

«እማዬ፣ እዪ! ማንም አላሳየኝም» አልኳት ስትመለስ።

እንስራዋን ሳታወርድ ቆማ አየችው። «እኔ መቼ እጠፍልኝ አልኩህ፣ የኔ ጌታ? ከታጠፈማ ሄደ ማለት አይደል።»

ማን እንደሄደ አልገባኝም፤ ባንዲራው እዚያው ነበር። ቆሜ ምስጋና ጠበቅኩ።

ዛሬም በዚህ ሕንፃ ጨርቅ እንደኔ አሳምሮ የሚያጥፍ የለም። ባለቤቴ ከሞተች ግን ሁለት ዓመት ሆናት፤ ጋቢዋ አልጋው ግርጌ እንደጣለችው አለ።