ጉማራ ላይ ታንኳ መያዝ የተማርኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ የጉማራን ወንዝ ከድልድዩ ላይ አየሁት። መስከረም ነውና ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት "ይህን በታንኳ የሚደፍረው ይኖር ይሆን?" አለች። "እኔ ደፍሬው ነበር" ብላት ሽበቴን አይታ ሳቀች።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ በመምህርነት ተመድቤ፣ የሽሮ ወጥ ሰልችቶኛል። ጎረቤቴ ጋሽ ይማም ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት "ና፣ አምባዛ እናውጣ" ብለው በደንገል ታንኳቸው ይዘውኝ ወረዱ።

ወንዝ ላይ አስቸጋሪው ዓሣው ሳይሆን ታንኳው ነው። ውሃው ካስሮጠው መንጠቆው ዓሣው ካለበት አይደርስም። ስለዚህ ጋሽ ይማም ድንጋይ በገመድ አስረው ከኋላ በማስጎተት ያዘገዩታል። ገመዱን ለእኔ ሰጡኝ።

"ድንጋዩ መሬቱን ይዳብስ እንጂ አይቁም። ከያዘ አላላለት፤ እምቢ ካለ ልቀቀው፣ ድንጋይ ሞልቷል። እጅህ ላይ ግን እንዳትጠመጥመው!"

ሰምቻለሁ። ግን ገመዱ እርጥብ ነው፣ ያንሸራትታል። ጋሽ ይማም ትልቅ አምባዛ ይዘው ሲታገሉ እያየሁ፣ ሳላስበው የእጄ አንጓ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠምኩት። ወዲያው ድንጋዩ ከሥር ተሰነቀረ። ታንኳው ዞረ፣ ውሃ ገባ፣ እኔም በክንዴ ወደ ወንዙ ተሳብኩ።

ጋሽ ይማም አምባዛውን ከነክሩ ለቀቁት። ቢላቸውን መዘው ገመዱን ቆረጡና በዘንግ እየገፉ ዳር አወጡን።

"ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ዓሣዎን አሳጣሁዎ" አልኩ።

"ዓሣስ ነገም አለ። ለእናትህ ምን እላት ነበር?"

ጋቢያቸውን አለበሱኝ፤ የተጠበሰ በቆሎ ለሁለት ሰብረው ሰጡኝ። ወደ ቤት የምንሄድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ድንጋይ መርጠው በተረፈው ገመድ አስረው እጄ ላይ አኖሩት።

"ዛሬ ፈርተህ ከሄድክ ዳግመኛ አትመጣም። ተነስ፣ መምህር።"

ወደ ውሃው ተመልሰን ገባን፤ ገመዱን በጣቶቼ ብቻ ያዝኩት። ድንጋዩ አሸዋውን ሲዳብስ መዳፌ ላይ ይሰማኛል። አንዴ ሲይዝ አላላሁለት፤ ተላቀቀ፣ ታንኳው ሳይናወጥ ወረደ። "እንዲህ ነው" አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ያን ቀን ያገኘነው አንዲት ቆሮሶ ብቻ ነው፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ዓሣ ግን የለም።

ጋሽ ይማም ካረፉ ቆይተዋል። አምና አንበሳሜ ገበያ ልጃቸውን አግኝቼው ስለ አባቱ ስንጫወት፣ "ታንኳ መያዝ የሚያውቅ መምህር እሱን ብቻ ነው ያየሁት ይሉ ነበር" አለኝ። ያን ገመድ የእጄ አንጓ ላይ መጠምጠሜን ለቤተሰባቸው እንኳ አልነገሩም። ሕይወቴን ያተረፉልኝ በቢላ ነው፤ ስሜን ግን ዕድሜ ልካቸውን ዝም ብለው ጠበቁልኝ። ነፍሳቸውን ይማርልኝ።