እኅቴ ያሸነፈችው አንድ ጣቢያ

በእኛ የምርጫ ክልል ማን እንደሚያሸንፍ የሚታወቀው ዕጩው የተነገረ ዕለት ነው። ድምፅ ቆጠራው ለወግ ያህል ነው። አባቴ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃል። በንጉሡ ጊዜ ባላባቱ ተመርጦ ሲሄድ አይቷል፤ በደርግ ጊዜ እጅ አውጡ ሲሉት አውጥቷል፤ ከዚያ ወዲህም ለመጣው ሁሉ ካርድ እየወሰደ ሲመርጥ ኖሯል። ከተመራጮቹ አንዱንም ግን ቀርቦ አላየም። ከቆቦ ወደ ዋጃ በአስፋልቱ ሲበሩ መኪናቸውን አይቶ ይሆናል፣ እሱም የእነሱ ከሆነ። “የእኛ ነገር ምርጫ ሳይሆን ርክክብ ነው” ይል ነበር።

እንግዲህ ለዚህ ወንበር ነው ታላቅ እኅቴ በግል ካልተወዳደርኩ ያለችው። እኅቴ ጎብዬ ገበያ ላይ እህል ትነግዳለች፤ ምላሷም ከሚዛኗ አያንስም። አባቴ ሲሰማ በጣም ተቆጣ።

“ቤቴን መሳቂያ አታድርጊው! ከራስሽ ድምፅ ሌላ ሳታገኚ ብትቀሪ፣ እኔ በየትኛው ዓይኔ ገበያ እወጣለሁ?”

“አባዬ፣ ወንበሩን እንደማላገኘው አላጣሁትም” አለችው። “የሰፈራችንን የምርጫ ጣቢያ ብቻ ልውሰድ። አንድ ጣቢያ ይጉደልባቸው፣ ያን ጊዜ የት እንዳለን ይጠይቃሉ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ የምርጫን ወሬ ከእሷ ጋር አላነሳም። እኔ ደግሞ በመካከላቸው ሆኜ ተጨነቅሁ። ጣቢያዋን ካላገኘች እነዚህ ሁለት ሰዎች ዳግም በአንድ ገበታ እንደማይቀመጡ አውቃለሁ፤ ሁለቱም ግትር ናቸው።

የምርጫ ምልክቷ አካፋ ነበር። ያለ አካፋ የሚያድር ቤት በእኛ ቆላ የለም። ዝናቡ ስስታም ስለሆነ የምናርሰው ከደጋው በሚወርድ ጎርፍ ነው። ደራሽ መጣ ሲባል ሰዉ ተሯሩጦ ወንዙን በአፈር ይገድብና ውሃውን ወደ ማሽላው ይጠልፈዋል። ጥሪውን የሰማ ለቅሶም ላይ ይሁን ሰርግ ላይ ትቶ ይሮጣል። የቀረ የውሃ ተራው ይዘለላል።

የምርጫው ዕለት ከንጋት ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ አካሄዱ ግን የኤሊ። ከሰዓት በኋላ ደጋው ጠቆረ። ወዲያው ከወንዙ በኩል “ደራሽ! ደራሽ!” የሚል ጩኸት ተሰማ። ሰልፉ ብትንትን አለ። ከደሴ የመጣችው የጣቢያው ኃላፊ “ምን ተፈጠረ? ተጣሉ እንዴ?” እያለች በር ላይ ወጣች። የሚመልስላት እንኳ አልነበረም።

እኅቴን ክንዷን ያዝኳት። “እትዬ፣ አለቀልሽ! ሰዉን አስመልሺ እንጂ!”

“አንተ ቆቦ ሞባይል ስትሸጥ ጎርፍ ረሳህ መሰል” አለችኝ። “ማሽላው ደርቆ ድምፁ ምን ያደርግልኛል?” ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ሮጠች። እኔም እየተራገምኩ ተከተልኳት።

ውሃ የሚያከፋፍሉን ሽማግሌ ሼክ፣ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። እኅቴን ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ሲያዩ “ወላሂ፣ አፈር የሚዝቅ ዕጩ ሳይ ዛሬ ገና ነው!” አሉ። አባቴ ሰማ። ከጎኑ ቦታ ለቀቀላት፣ አብረው መዛቅ ጀመሩ። ውሃው ወደ እርሻው ሲዞር ሼኩ “አልሐምዱሊላህ! በሉ አሁን ወደ ምርጫችሁ!” ብለው ጮሁ።

ሰዉ ሁሉ አካፋውን በትከሻው እንደያዘ ተመለሰ። ጣቢያው ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ግቢው በር ላይ ደረስን። የተቀናቃኛችን ታዛቢ ብድግ አለ።

“ይሄ ቅስቀሳ ነው! በምርጫ ቀን የዕጩ ምልክት ተሸክሞ መምጣት ክልክል ነው!”

ደሜ ፈላ። እሱም እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ቤቱ አካፋ አለው! ኃላፊዋ ግን የሰዉን እግርና ጭቃ አየች፣ ሰዓቷን አየች። “አካፋችሁን ከአጥር ውጭ ትታችሁ ግቡ” አለች። “እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የተሰለፈ ሁሉ ይመርጣል።”

ሰዉ በየተራ አካፋውን አጥሩ ላይ አስደገፈ። አጥሩ ዙሪያውን አካፋ በአካፋ ሆነ! ታዛቢው ቆሞ ሲያየው፣ በትከሻቸው ይዘውት ቢገቡ ይሻለው እንደነበር ከፊቱ ታነበዋለህ። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ጠዋት ውጤቱ በሩ ላይ ተለጠፈ። ጣቢያውን እኅቴ ወሰደችው፣ ያውም በሰፊው። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ወደ ላይ እየነቀነቁ ጨፈሩ። ከሮቢትም ከጎብዬም የመጣው ወሬ ወንበሩ እንደ ልማዱ ለእነዚያው መሄዱን ነገረን። ይሂድ! እኔ በዚያ ቀን አገር የያዝኩ ያህል ነበር የተሰማኝ። አባቴ ግን አካፋውን አንሥቶ ማሽላውን ሊያይ ሄደ።

አሁን ከሮቢት በኩል እንኳ ሰዎች ገበያ ላይ እየፈለጓት “ለሚመጣው ትወዳደሪያለሽ?” ይሏታል። ወንበሩ ዛሬም የእነሱ ነው፤ እንደ ድሮው ተኝተውበት ግን አያድሩም።

ማሽላው ከታጨደ በኋላ ተመራጩ ራሳቸው ሰፈራችን መጡ። መኪናቸው ትምህርት ቤቱ ድረስ ገባ። ዛፍ ጥላ ሥር ሰው ተሰበሰበ፣ እሳቸውም “ምን አጠፋን? ምን ጎደለባችሁ?” ብለው ጠየቁ። በስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቀው አባቴ ተነሣ።

“ክቡር ሆይ፣ እንኳን ደህና መጡ” አለ። “ዕድሜዬን ሙሉ መረጥኋችሁ፣ አንድ ቀን አልመጣችሁም። ዘንድሮ አልመረጥኋችሁም፣ መጣችሁ።” ከዚያ ወደ እኅቴ ዞሮ እጁን ዘረጋ። “ያመጣችዎት ልጄ ናት።”