ያልተነሳሁበት ቀን

ተዋናይ ለመሆን ያን ቀን የሚጠበቅብኝ ከወንበር አለመነሳት ብቻ ነበር። እሱኑ አቃተኝ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን የታየሁት በአንድ የክረምት ጃኬት ማስታወቂያ ሲሆን፣ እሱም ጀርባዬ ብቻ ነው። አሁን ግን ሦስት ጊዜ ተፈትኜ ለቴሌቪዥን ፊልም ተመርጫለሁ፤ ፊቴ ሊታይ ነው። ያን ሥራ ከምንም በላይ ፈልጌው ነበር።

ቀረጻው ብሩክሊን ፓርክ፣ መጋዘን ውስጥ በተሠራ የውሸት ወጥ ቤት ነበር። አባቴ የዕለቱን የታክሲ ሥራ ትቶ ከምንኖርበት ከሲዋርድ ሠፈር በበረዶ ይዞኝ መጣና ከካሜራው ኋላ ተቀመጠ። ትዕይንቱ አጭር ነው፤ ቤተሰቡን ጥሎ የጠፋ አባት ከዓመታት በኋላ በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ልጁ የሆንኩት እኔ ቀና ሳልል ቁርሴን እበላለሁ። በቃ።

ሽበታሙ ተዋናይ ገባ። ብድግ አልኩ።

"ካት!"

ዳይሬክተሯ ቀረጻውን አስቁማ ሳቀች። ሰውዬው እንደገና ገባ፤ እንደገና ብድግ። በሦስተኛው አልሳቀችም። ምን ላድርግ? ስድስት ዓመቴ እያለ፣ አዲስ አበባ ቤታችን ለመጡ ሽማግሌ ሳልነሳላቸው ብቀር፣ አባቴ እንግዳው እስኪሄዱ ድረስ አቁሞኛል። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሰው ሲገባ ጉልበቴ እኔን አያማክርም። በአራተኛው እግሮቼን ከወንበሩ እግር ጋር አጠላለፍኳቸው። ወንበሩን ይዤው ተነሳሁ፤ ወተቱ ተደፋ፣ ቀሚሴ ራሰ።

ልብስ ሲቀይሩልኝ የዳይሬክተሯ ረዳት ግድግዳው ሥር ወደተቀመጠች ልጅ ሄደች። እኔ ካልሆነልኝ እንድትተካኝ የተጠራች ናት። ረዳቷ አብራት ለመጣችው ለልጅቷ እናት አንሾካሾከች፤ ልጅቷ ካፖርቷን ማውለቅ ጀመረች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክራለን" አለች ዳይሬክተሯ።

ይሄኔ አባቴ ወደ ጠረጴዛው መጣ። እኔ ጉደኛዋ ለእሱም ብድግ አልኩ። ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝና ፊቴ ተንበረከከ። አባቴን ቁልቁል አይቼው አላውቅም ነበር፤ ደነገጥኩ።

"ስሚኝ ልጄ" አለኝ በአማርኛ፣ "ሪላክስ አድርጊ። ሰውዬው ሲገባ አትነሺ። ነውር ከሆነም ነውሩ የእኔ ነው። ኦኬ?"

"ኦኬ አባዬ።"

በሩ ተከፈተ። ጉልበቴ ሊያነሳኝ ቃጣ፤ ማንኪያዬን ጨብጬ ሳህኔ ላይ አፈጠጥኩ። የጫማው ኮቴ እየቀረበ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እንባዬ ሳህኑ ውስጥ ጠብ አለ፤ ይህ በፊልሙ ጽሑፍ ላይ አልነበረም። ዳይሬክተሯ "ካት" እስክትል ዓመት የቆየች መሰለኝ። ከዚያ መጥታ አቀፈችኝ፤ ልጅቷም ካፖርቷን መልሳ ለበሰች።

ፊልሙ የታየ ቀን ቤታችን በእንግዳ ሞላ። ያ ትዕይንት ሲደርስ፣ የሠፈሩ ሐበሻ ሁሉ የሚያከብራቸው አንድ አዛውንት ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው? ለአባቷ እንኳ አትነሳም!"

ፊቴ ጋለ። አባቴ ፊልም እኮ ነው ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን ከሶፋው ተነስቶ ፊታቸው ቆመ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። አትነሺ ያልኳት እኔ ነኝ።"