በእኔ ኢቃማ የተኛችው ልጅ

እናቴ «ይሄ ምላስሽ አንድ ቀን ጉድ ያፈላብሻል» ትለኝ ነበር። ጉዱ ፈላ፤ የፈላው ግን በሌላ ሰው ላይ ነው።

ዓለም ሁሉ ካወቀው ኮሮና ዓመታት ቀደም ብሎ ሳዑዲ ውስጥ ሌላ ኮሮና ነበር። ከግመል የመጣ ነው ይሉታል። በዚያ ዓመት በዐቢይ ጾም ወሬው ባሰ። እኔ ኹበር ከተማ ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አጸዳ ነበር። በስሟ ያስመጣችኝ ካፊሌም ማዳሜም የፀጉር ቤቱ ባለቤት ናት። የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ኢቃማዬ፣ የተስተካከለ ስለነበር ከሌሎቹ ይልቅ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

አል ኹበር አል-ጀኑቢያ በሚባለው ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ዐርብ ዐርብ ዘጠኝ ሴቶች የጽዋ ማኅበር እንጠጣለን። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር የኛ ቤተ ክርስቲያን እሱ ነበር። መስኮቱን በብርድ ልብስ እንጋርዳለን፤ የዓረብ ድራማ ከፍ አድርገን እንከፍትና ጸሎቱን በሹክሹክታ እናደርሳለን። ጽዋችን ክዳን ያለው የፕላስቲክ ጆግ ሲሆን ውስጡ የዘቢብ ጭማቂ ነው። የማኅበር መሪ ሙሴ እንደሚባለው እኛም መሪያችንን ሙሴ እንላቸዋለን። ሃምሳ ያለፋቸው፣ የሰው ልጆች የሚያሳድጉ የቤት ሠራተኛ ሴት ነበሩ። በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣሉ። «ባሕር መክፈል ቀርቶ በር መክፈት የሚፈሩ ሙሴ ሰጠን» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። እሳቸው ይስቃሉ።

ሆሳዕና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዐርብ ዕለት፣ ከማኅበርተኞቻችን ትንሿ ዘግይታ መጣች። ጎጃሜ ናት፤ ደማም ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጊት ታስታምም ነበር። ሳል የጀመራቸው አሮጊቷ ናቸው፤ እሳቸው ሆስፒታል ሲገቡ ልጅቷም ማሳል ጀመረች። የአሮጊቷ ልጅ መኪና ውስጥ አስገብቶ ኢንዱስትሪ ከተማው ዳር ከነፌስታሏ ጣላት። በዚያው ቀን ደግሞ «ጠፋችብኝ» ብሎ ሁሩብ አስመዘገባት። አንዴ ሁሩብ ከተባልሽ ፖሊስ የሚፈልግሽ ሰው ነሽ፤ አበቃ።

አልገባም ብላ ደጃፉ ላይ ቆመች። በግድ አስገባናት። ጽዋው ሲደርሳት በእጇ መለሰችው።

«እኔን ይለፈኝ እህቶቼ። ትንፋሼ ጤነኛ አይደለም።»

ክፍሏ ትንሽ ናት፤ ዘጠኛችንም ያንኑ አየር ነበር የምንስበው። አንዷ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ሳብ አደረገች። ሌሎቹም እንደሷ አደረጉ።

ከዚያ ክርክር ተነሣ። ሆስፒታል ብንወስዳት ወረቀቷን አይተው ፖሊስ ይጠራሉ። ፖሊሱ የት እንደሰነበተች ይጠይቃል፤ ከዚያ ክፍሏ ትገኛለች፣ ከዚያ እኛ። ሙሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቀስ እንበል ልጆቼ። ጸበል እንስጣትና እስከ ነገ እንያት» አሉ።

እኔ ነደደኝ። «እስከ ነገ ብትሞትስ እትዬ? የታመመ ጠይቁ የተባለው ለፈረንጅ ነው? ሰውየው እንደ ቆሻሻ መንገድ ላይ ሲጥላት እኛ እዚህ በራችንን ዘግተን ብንጸልይ ምን ዋጋ አለው? ፍርድ ለተጓደለባት ካልቆምን ማኅበሩ ይቅርብን!» ብዙ ተናገርኩ። ስናገር ደግሞ ደስ ይለኛል፤ እውነቱን ልናገር። ቦርሳዬን ከፍቼ ኢቃማዬን መሐል ምንጣፉ ላይ ጣልኩት። «በዚህ ትግባ። ኒቃብ ከለበሰች ማን ፊቷን ያያል?»

ሙሴ ወረቀቱን አዩት፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ። «ይሄ ከተጀመረ እስከ መጨረሻው ነው። ትችያለሽ?»

«እኔን ነው?» አልኩ ተቀይሜ።

ጎረቤታችን የወሎ ሰው፣ ሾፌር፣ እስላም ነው። ምን እንደምንሠራ ያውቃል፤ አንድም ቀን ጠይቆን አያውቅም። ስንለምነው «አላህ ያሽራት» ብሎ የመኪናውን መስኮቶች ሁሉ ከፈተና ወደ ደማም ሆስፒታል ነዳ። ልጅቷ መንገዱን ሁሉ ስሜን ታጠና ነበር፤ የኔን ስም፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን። በየመሐሉ ሳሏ ያቋርጣታል። ልንደርስ ስንል «ለእናቴ እንዳትነግሯት። ሲሻለኝ ራሴ እደውላለሁ» አለችኝ። ሆስፒታሉ ወረቀቱን አየና ተቀበላት። በመስታወት በር አስገቧት፤ እኔን ከዚያ ወዲያ አላሳለፉኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቤታችን ጉሮሯችንን ስንሰማ ሰነበትን። ትንሽ ሲበርደኝ መጣብኝ፣ ትንሽ ሲሞቀኝ መጣብኝ እላለሁ። ለሙሴ ስደውል መጀመሪያ የምንጠያየቀው ሳል ነው።

የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ወለል እየወለወልኩ ሳለ የማዳም ስልክ ጮኸ። አነሣችው። እየሰማች ዞር ብላ አየችኝ፤ ዓይኗን ሳትነቅል ብዙ ቆየች። ከዚያ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችና «ሆስፒታል ነው። ሞተሻል ይሉኛል» አለችኝ።

ልጅቷ ሞታለች ማለት ነው። አለቀስኩ ብል ውሸት ነው፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው።

ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። በሩን ቆለፈች። «ሙሽኪላ፣ ጣጣ አልፈልግም። ኢቃማዬን ሰርቃኛለች በይ። አላውቃትም በይ። ኸላስ፣ በቃ» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

የሆስፒታሉ ሰውዬ በትሕትና ነበር የሚናገረው። በኢቃማሽ ገብታ የሞተችውን ሴት ታውቂያታለሽ ወይ አለኝ። እስር ቤቱ ታየኝ፤ አገር ቤት የማስተምራቸው ሁለት ልጆቼ ታዩኝ።

«አላውቃትም» አልኩ። «ኢቃማዬ ከተሰረቀ ሳምንት ሆኖታል።»

እንግዲያው የሚያውቃት ሰው እስኪመጣ ስም የሌላት ሆና በሬሳ ክፍል ትቆያለች አለኝ።

ለሙሴ ደውዬ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «እናቷስ?» አሉ። «ክፍሏንስ ምን ላድርግ?» አልኳቸው። «በይ ብርድ ልብሱን አንሺ፣ ጽዋውን ደብቂ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይመጣ» ብለው ዘጉት።

ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ዓባያቸውን ለብሰው ሾፌሩን ጠሩትና ሆስፒታል ሄዱ። የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው። ጠረጴዛው ፊት ቆመው «አውቃታለሁ፣ ልጄ ናት። ሌባ አይደለችም። ኢቃማውን አግኝቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ» አሉ። ስሟን፣ የእናቷን ስልክ፣ ያስታመመቻቸውን አሮጊት፣ መንገድ ላይ የጣላትን ሰው ቤት አንድ በአንድ አስመዘገቡ። ያ በር ሲንኳኳ የሚደነግጠው ድምፃቸው ያን ዕለት አልተንቀጠቀጠም አለኝ። ፖሊስ መጣና ወሰዳቸው። እሱ እስከ ማታ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቃቸው፤ አልተመለሱም።

የኛን ስም አልጠሩም። ወራት ታስረው ወደ አገር ተባረሩ። ልጅቷ በራሷ ስም ተቀበረች፤ እናቷም እውነቱን ሰማች። የጣላት ሰው ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ አዲስ ኢቃማ አውጥቼ እስከ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ ድረስ ሠራሁ። አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

አገር ስገባ አዲስ አበባ ሙሴ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስነሡኝና አስቀመጡኝ።

«እናቷን አየሻት?» አሉኝ።

«አላየኋትም እትዬ። መጀመሪያ እርስዎን ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«እኔን ምን አድርገሽኝ? እኔ የሄድኩት በእግሬ ነው። አላውቃትም ያልሻት የሷን ልጅ ነው፤ እሷ ጋ ሂጂ።»

የእናቷን መንደር ስም በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።