ሴልፍ-ሜድ እና አክስቴ

ጽሑፌ ተመርጦ በትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ! ዛሬ ወልቂጤ ውስጥ ከእኔ በላይ ደስ ያለው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን «ሴልፍ-ሜድ» በሚለው ቅጽል ጻፉ ብለውን ነበር። በራሱ ጥረት ለትልቅ ደረጃ የበቃ ሰው ይጠራበታል። ጓደኛዬ «ቤት ውስጥ የተሠራ» ለማለት ፈልጋ «ሴልፍ-ሜድ ክትፎ» ስትል «ክትፎው ራሱን ከተፈ እንዴ?» ብለን ሳቅንባት። ሌሎቹ ስለ ሀብታም ነጋዴዎች ጻፉ። እኔ አገና ገበያ ቆጮ እየሸጠች ልጆቿን ስላስተማረችው አክስቴ ጻፍኩ። ለቆጮው እንሰት ስትፍቅ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ያግዟታል፤ ተራቸው ሲደርስ እሷም ትሄድላቸዋለች። ስለዚህ «ቃሉ ለአክስቴ ግማሹ ብቻ ልክ ነው፤ ግማሹ የጎረቤቶቿ ነው» ብዬ ጨረስኩ።

ትርጉሙን ስተሻል እንዳልባል ፈርቼ ነበር። መምህራችን ግን ለክፍሉ አንብበውት «ቃሉን እንደ ልብስ በሰው ላይ ለክተሽዋል፤ ይለጠፍ» አሉ።

ለአክስቴ ደውዬ ስነግራት «ብቻዬን ጽፈሽኝ ቢሆን መች ትመረጪ ነበር» አለችኝ።

እናንተም አንድ የባዕድ ቃል ውሰዱና በምታውቁት ሰው ላይ ለኩት። የት ላይ እንደሚጠብበት፣ የት ላይ እንደሚሰፋው ጻፉ።